ከጅማ ተነስቶ ቅዳሜና እሑድን ናይሮቢ፦ የሆስቴል አልጋ ለእኔ ዕድሜ ይሆናል?

ቡና ቀማሿ (ጅማ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

እዚህ ጅማ በቡና ጥራት ምርመራ ላይ የምሠራ ቀማሽ ነኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል፤ ባለቤቴ ደግሞ አውሮፕላን የሚወደው ከመሬት ሆኖ ሲያየው ብቻ ስለሆነ ብቻዬን ልሄድ ነው። የት? ናይሮቢ። ዓርብ ወጥቼ፣ ሁለት ሌሊት አድሬ፣ ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ለመገኘት አስቤአለሁ።

ለምን ናይሮቢ ለምትሉኝ፦ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ቡናው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጅማ 5 የሚባለውን የቡና ደረጃ ስቀምስ፣ የደረቁን ቡና ጠረን ከአፈሩና ከጭሱ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የኬንያን የታጠበ ቡና የማውቀው አልፎ አልፎ ናሙናው ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ነው። ኤስኤል 28 እና ኤስኤል 34 ከሚባሉት ዝርያዎች የሚወጣውን ያንን ስለታም ጉምዛዜ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆልተው ሲያቀርቡት ምን እንደሚመስል ማወቅ እፈልጋለሁ። አረቢካ የበቀለው እኛ ጫካ ውስጥ ነው፤ እነሱ መትከል የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሚስዮናውያን ካመጡላቸው በኋላ ነው፤ በዋጋ ግን ይበልጡናል። ይህ ያናድደኛል። ያናደደኝን ነገር ደግሞ ሄጄ ካላየሁት አይወጣልኝም።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የሆቴሎቹን ዋጋ አይቼ ደነገጥኩ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ሆስቴል የሚባለውን አሳየችኝ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስትም ስምንትም ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚተኛበት፣ ለአንድ አልጋ በሌሊት ከ10 እስከ 20 ዶላር የሚከፈልበት ማደሪያ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት በሙሉ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ይመስላሉ፤ ሁሉም ይስቃሉ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል አንዲት ሒጃብ የለበሰች የጅማ እናት ወደ ላይኛው አልጋ መሰላል ስትወጣ ይታያችሁ።

እናም የምጠይቀው ይህ ነው። የሴቶች ብቻ ክፍል በእርግጥ የሴቶች ብቻ ነው ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ? ፓስፖርቴንና ገንዘቤን ሌሊት የት አደርጋለሁ? ወጥ ቤት አለ ይላሉ፤ ጀበናዬን ይዤ ብሄድ የሚከለክለኝ አለ? ደግሞ፣ ባለቤቴ ምስክር ነው፣ አንኮራፋለሁ። ትንሽ አይደለም። የማላውቃቸውን አምስት ሴቶች እንቅልፍ ነስቼ ጠዋት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

"ደስ ይላል፣ ሂጂ" ብቻ የምትሉኝ ተዉኝ። ስኒ ስቀምስ የምፈልገው ጉድለቱን ነው፤ እናንተም ጉድለቱን ንገሩኝ።


ጡረተኛው (ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ)

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ።

ስድብ አይሁንብኝና፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ገብቶ ለመተኛት ገንዘብ ከፍሎ ባሕር ማዶ መሄድ ምን የሚሉት ሽርሽር ነው? ናይሮቢ ባሕር ማዶ አይደለም ትይኝ ይሆናል፤ ይሁን። ጅማ እንግዳ የመጣበት ሰው መደብም ቢሆን አንጥፎ ያስተኛል እንጂ እንደ ወታደር ሰፈር አይደረድርም። ዘመድ የለሽም? ናይሮቢ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር የእኛ ሰው ሞልቶታል ሲሉ እሰማለሁ። አንድ የአገር ልጅ ፈልጊና እሱ ቤት እረፊ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነም በሞያሌ በኩል አውቶቡስ አለ፤ መንገዱ አሁን አስፋልት ነው።


የሄርማታ ልጅ (ናይሮቢ)

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው፤ አሁን የምኖረው ናይሮቢ ነው። ጋሼ ጡረተኛው የሰጡት ምክር ከልብ ቢሆንም አውቶቡሱን ይርሱት። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ብቻ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ ሞያሌ ያለውን ጨምረው ያስቡት። ቅዳሜና እሑድዎ መንገድ ላይ ያልቃል።

እኔ አልጋውን ትቼ ከሰዓቱ ልጀምር፤ ከጅማ ለሚነሳ ሰው ትልቁ ጉድለት እሱ ነው። ካርታ ቢያወጡ ጅማና ናይሮቢ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው፤ ሁለቱም 36.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ከፍታቸውም ያው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ወፍ ብትሆኑ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትበሩና ትደርሳላችሁ። ሰው ስለሆንን ግን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ እንወጣለን። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ችግሩ በመካከል ያለው ጥበቃ ነው። በመኪና አዲስ አበባ እገባለሁ ካሉ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ነውና ዓርብን ሙሉ ይበላዋል።

ስለዚህ ትኬቱን ከጅማ እስከ ናይሮቢ ደርሶ መልስ በአንድ ላይ ይግዙ። ለየብቻ ከገዙ፣ የጅማው በረራ በጉም ዘግይቶ የናይሮቢው ቢያመልጥዎ ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው በረራ የሚያሸጋግርዎ አየር መንገዱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት የሚሉትንም አልወደድኩትም። እሑድ ማታ ቦሌ ቢደርሱ እንኳ የጅማ በረራ የሚጠብቅዎ በማግስቱ ነው። የሰኞን ቀን ፈቃድ ይጠይቁ።

ጊዜው እንዲህ ጠባብ ከሆነ ሆስቴሉን በዋጋ አይምረጡ። በቦታ ይምረጡ። አምስት ዶላር የሚቀንስ ሩቅ ሆስቴል በናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያስከፍልዎታል። እርስዎ በእርግጠኝነት የሚወዱት ነገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ላንጋታና ካረን በሚባሉት ሰፈሮች ነው። ካረን ብሊክስን የምትባል ዴንማርካዊት ከ1914 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. እዚያ ቡና ስታለማ ኖራ በመጨረሻ በኪሳራ አገሯ ገብታለች። ቤቷ ከ1986 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ቦታው ከመሃል ከተማው ከፍ ይላል፤ ብርድና ድርቅ ቡናውን አልለቀው ብለው ነው የከሰረችው ይባላል። ግቢውን ያዩና ለምን እንዳልሆነላት እርስዎ ራስዎ ይነግሩናል። ቀጭኔዎችን በእጅ የሚመግቡበት ማዕከልም እዚያው ላንጋታ ነው። እናት የሞተችባቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ሼልድሪክ የሚባለው ቦታም ሩቅ አይደለም፤ እሱ ለጎብኚ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው።

የቡና ጨረታ አያለሁ ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ ግን አያገኙትም። የናይሮቢ ቡና ጨረታ የሚካሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። (ጨረታው ያለበት ጎዳና በማን ስም የተጠራ ይመስልዎታል? በኃይለ ሥላሴ።) ቡና ቤት ግን በየሰፈሩ አለ፤ የየትኛው አካባቢ ፍሬ እንደሆነ ጠይቀው፣ ኒዬሪ ወይም ኪሪኛጋ ካሏችሁ ቁጭ ብለው ይጠጡ።

አሁን ስለ ወረቀቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ይጠየቃል፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው መውሰድ አለብዎ፤ አንድ ጊዜ የወሰዱት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። ቪዛ ባይጠየቅም የመግቢያ አሠራሩ በቅርብ ዓመታት ተቀያይሯልና ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የኬንያ መንግሥትን ድረ ገጽ ይመልከቱ። የመመለሻ ትኬትዎንና የሆስቴሉን ማረጋገጫ በወረቀት አሳትመው ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ በመስኮቱ ፊት ሲሞት አይቻለሁ።

እና ፌስታል! ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። እኛ ጫማውንም፣ ዳቦውንም፣ እርጥብ ፎጣውንም በፌስታል ጠቅልለን ነው ሻንጣ የምንዘጋው። በጨርቅ ከረጢት ይቀይሩት።

መሃል ከተማ ሲሄዱ ስልክዎን መንገድ ዳር አውጥተው አይያዙ። ከመሸ በኋላ በእግር አይሂዱ፤ በስልክ የሚጠራ ታክሲ አለ፤ ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ትራንስፖርት ለቀን ይበቃዎታል። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መግባት ቢያምርዎ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ክፍያው በካርድ ወይም በኤም-ፔሳ ነው።


ቡና ቀማሿ

እግዜር ይስጥልኝ የሄርማታ ልጅ። የጨረታውን ነገር በመንገርህ አዘንኩ፤ ግን ሄጄ ዝግ በር ፊት ከምቆም ይሻላል። ዴንማርካዊቷንስ አሁን ማየት አለብኝ። በዚያ ከፍታ ቡና ሊሆን የማይችል አይደለም፤ የእኛ ቡና ከዚያም በላይ ይበቅላል። አፈሩ ወይም ዝናቡ ነው እንጂ ከፍታው ብቻውን አይደለም ባይ ነኝ። አይቼ እመጣለሁ።

ጋሼ፣ ዘመድ ቤት ላርፍ ያሉኝ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ዘመድ ቤት ካረፍኩ ቅዳሜን ስበላ፣ እሑድን ስመረቅ ነው የምውለው። ከተማውን መቼ አያለሁ?

ስለ ማንኮራፋቱ ግን ሁላችሁም በትሕትና አልፋችሁታል። እኔ አልረሳሁትም።


ሰማያዊ ሻንጣ (ጅማ)

እትዬ፣ የሚያንኮራፉ ሰዎች ሆስቴል ውስጥ ብርቅ አይደሉም፤ በየክፍሉ አንድ አለ። እኔ ለሥራ ስብሰባ ናይሮቢም ኪጋሊም ሆስቴል አድሬአለሁ፤ እንደ እርስዎ ሒጃብ እለብሳለሁ፤ ስለዚህ የአልጋውን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ።

ለማንኮራፋቱ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ብዙ ሆስቴሎች የግል ክፍልም አላቸው፤ ዋጋው ከጋራ አልጋው ከፍ፣ ከሆቴሉ ዝቅ ይላል፤ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ያው የጋራ ነው። እኔ እርስዎን ብሆን የመጀመሪያውን ሌሊት በጋራ ክፍል፣ ካልተስማማኝ ሁለተኛውን በግል አደርገው ነበር፤ ክፍት ክፍል መኖሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛው መንገድ ከመድኃኒት ቤት የጆሮ መድፈኛ በርከት አድርጎ ገዝቶ ሲገቡ ለክፍሉ ሰዎች ማደል ነው። "አንኮራፋለሁ፣ ይቅርታ፣ ይኸው" ብለው ቢሰጧቸው ይስቁና ይወዱዎታል። የሚጠላው የማያስጠነቅቅ ሰው ነው።

ሆስቴል ውስጥ ከማንኮራፋት የባሰ ኃጢአት ሌሊት ሻንጣ መበርበር ነው። ዚፕ፣ ወረቀት፣ የስልክ መብራት። ለጠዋት የሚለብሱትን፣ ፎጣዎን፣ ሳሙናዎን መብራት ሳይጠፋ አውጥተው ራስጌ ያስቀምጡ። ለፈጅር ሶላት ስልክዎን ድምፁን አጥፍተው በንዝረት ትራስ ሥር ያድርጉት፤ ክፍሉ ውስጥ በጨለማ ከመስገድ ወደ ሳሎኑ ይውጡ፤ በዚያ ሰዓት ማንም የለም። ቂብላውን ለመፈለግ አይቸገሩም። የሄርማታ ልጅ እንዳለው ሁለቱ ከተሞች በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ እንደ ጅማ ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው። የዙሁር ሰዓትም ከቤት እምብዛም አይለይም። መሃል ከተማ ከሆኑ ጃሚያ መስጊድ አለ። ለመጸዳጃ የውኃ ዕቃ ግን ሁልጊዜ አይገኝም፤ አንድ ባዶ ኮዳ ይያዙ።

የሴቶች ክፍል በእርግጥ የሴቶች ነው፤ የክፍሉ በር በካርድ ወይም በቁልፍ ይከፈታል፤ መታጠቢያው ግን አንዳንድ ቦታ ከወንዶች ጋር የጋራ ነው። ይህንን ማስታወቂያው በደንብ አይገልጸውምና ይጻፉላቸው፦ መታጠቢያው የሴቶች ለብቻ ነው ወይ? የታችኛውን አልጋ ልታስቀሩልኝ ትችላላችሁ ወይ? አልጋው መጋረጃ አለው ወይ? መልሱ ከዘገየ ወይም ከተድበሰበሰ ሌላ ሆስቴል ይፈልጉ። መጋረጃ ካለ ሒጃብ አውልቆ መተኛት ይቻላል፤ ከሌለ ቀጭን የጥጥ ሻሽ ይበቃል።

ለዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን በየአልጋው አለ፤ ጓጉንቸሩን ይዞ የሚመጣው ግን እንግዳው ነው። መርካቶ እኛ ለሱቅ በር የምንገዛውን ወፍራሙን አይውሰዱ፤ ቀዳዳው አያስገባውም። ቀጭኑን፣ የሻንጣውን ዓይነት ይያዙ። ፓስፖርትና ዶላር ከሣጥኑም ይልቅ ከልብስ ሥር በሚታሰር ትንሽ ከረጢት፣ መታጠቢያ ቤትም ሲገቡ አብሮ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ከ14፡00 ጀምሮ ነው፤ ይህ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። የሚያስለቅቁት ደግሞ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ከለቀቁ በኋላ ሻንጣዎን እንግዳ መቀበያው ጋ ትተው መዞር ይችላሉ። ቦታ ሲይዙም ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ሁለት ጊዜ ይዩት።

ጀበናውን ይተዉት። ይሰበራል፤ ከሰልም አይፈቀድም። ዕጣን ካጨሱ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮሆ ሕንፃው ሁሉ በሌሊት ልብሱ ሜዳ ላይ ይወጣል። የተፈጨ ቡና ይያዙ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስት አለ፤ አፍልተው፣ አስክነው ይቅዱ። የፎቶዎቹን ሳቅ አይፍሩት። እነዚያ ልጆች እርስዎ ቡና ሲያፈሉ ዙሪያዎን ከበው ነው የሚቀመጡት፤ ሲጨርሱ ግን ስኒውን ራሳቸው እንዲያጥቡ ይንገሯቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።


ጡረተኛው

ልጆቹ ሁሉን ነገሩሽ። እኔ በባንክ ያገለገልኩ ሰው ነኝና አንድ የቀረ ነገር ልበል። የውጭ ምንዛሪውን በመጨረሻው ቀን እወስዳለሁ አትበይ። ፓስፖርትና ትኬት ይዘሽ ቀደም ብለሽ ቅርንጫፉን ጠይቂ፤ "ነገ ተመለሺ" መባል አይቀርም። ስትቀበይ ብሩን እንደምትቆጥሪ ዶላሩንም አገላብጠሽ እይው፤ የተቀደደና የቆሸሸ ኖት ናይሮቢ ያሉ መንዛሪዎች ይመልሱብሻል። አንዱ ዶላር ወደ 130 ሽልንግ ገደማ ነው፤ ከዚህ በጣም ካነሰብሽ ሌላ መንዛሪ ፈልጊ። ለጉዞ የሚሆን ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጡ ባንኮችም አሉ፤ ፓርኩ በካርድ ነው ከተባለ እሱንም ጠይቂ።

ከማያውቁት ጋር መተኛቱን አሁንም አልተቀበልኩትም።


ቡና ቀማሿ

አይቀበሉት ጋሼ፤ ቀማሽም ጓደኛው የሰጠውን ነጥብ ሁሉ አይቀበልም።

የሰኞን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ አለቃዬ "ለምን?" ሲለኝ "ለቡና" አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀኝም። የሴቶች ክፍል፣ የታችኛው አልጋ፣ መጋረጃ ያለው፤ ለሁለት ሆስቴሎች ጽፌአለሁ። አንደኛው በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ ሌላኛው እስካሁን ዝም ብሏል፤ በሰማያዊ ሻንጣ ሕግ ወድቋል። የመለሰው ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ነው። የሄርማታ ልጅ፣ ከዚያ ተነስቼ ዝሆኖቹን፣ ቀጭኔዎቹንና የሴትዮዋን ቤት በአንድ ቅዳሜ እጨርሳለሁ?


የሄርማታ ልጅ

ይጨርሳሉ እትዬ፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቁ። ከዌስትላንድስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡ። መጀመሪያ ዝሆኖቹ፤ 5 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ይሁኑ። ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ቀጭኔዎቹ፣ መጨረሻ ላይ የብሊክስን ቤት። አንድ ታክሲ ለግማሽ ቀን ተስማምተው ቢይዙ በየቦታው ከመጥራት ይረክሳል፤ ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይቁረጡ። እሑድ ጠዋት ካሩራ ጫካ ይሂዱ፤ ለሆስቴልዎ ቅርብ ነው፤ ዋንጋሪ ማታይ የምትባለው ኬንያዊት የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ከሕንፃ ሠሪዎች ታግላ ያተረፈችው ጫካ ነው፤ ውስጡ ቡና የሚጠጡበት ቦታም አለ። በረራው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ወደ ኤርፖርት ይንቀሳቀሱ።

የተቆላ ቡና ሲይዙ ለእኔም ግማሽ ኪሎ ይጨምሩልኝ። ዌስትላንድስ መጥቼ እወስዳለሁ።